የአማቴን ብር ማንጣት

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ዣቬል የማይገባበት ነገር የለም። አዲስ አበቤ በረኪና የሚለውን እኛ ዣቬል ነው የምንለው። ቲማቲም በእሱ ይታጠባል፣ ወለል በእሱ ይወለወላል፣ የወየበ ሸሚዝ በእሱ ነጥቶ ለቅዳሴ ይደርሳል። ባለቤቴ ፀሐይ እኔ ከሥራ ስገባ ከላይ እስከ ታች ታየኝና ዓይኗ ወደ ጠርሙሱ ሲሄድ ስንት ጊዜ ይዣታለሁ። አልፈርድባትም። እኔ ክሊማ ጠጋኝ ነኝ፤ አየር ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው። ሠላሳ ዓመት በሰው ጣሪያ ላይ ስወጣና ስወርድ ስለኖርኩ፣ በሰፈራችን በኳርቲዬ ሁለት እጄ ያልገባበት ክሊማ የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። እንዲህ የለመደ እጅ ደግሞ ቤት ሲገባም አርፎ አይቀመጥም። ይህን ሁሉ የማወራው ጥፋቱን ለእጄና ለዣቬሉ አካፍዬ እኔ ነፃ ልወጣ መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በመስቀል ነው። አማቴ እማማ ጌጤ፣ ከፀሐይ ጋር ስንጋባ አንገቷ ላይ ያጠለቁላት የብር መስቀል አለ። ያሠሩት የእማማ ጌጤ አባት ናቸው። በባቡሩ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ያጠራቀሟትን ጥቂት ጠገራ ብር ለአንጥረኛ ሰጥተው አስቀለጡና መስቀል አሠሩበት። ከጀርባው ሦስት ፊደል አስቀረጹ፦ ተሰማ። ስማቸው ነው። ፎቶግራፍ አልተዉም፣ ደብዳቤም አልተዉም። በዚህ ምድር ላይ ከእሳቸው የቀረው እነዚያ ሦስት ፊደላት ብቻ ናቸው።

እማማ ጌጤ ፊደል አልቆጠሩም። እነዚያን ሦስቱን ግን በአውራ ጣታቸው ያውቋቸዋል። ከድሬዳዋ በመጡ ቁጥር በር ላይ እንደቆሙ፣ ሰው ሰላም ሳይሉ፣ የፀሐይን መስቀል ይገለብጡና ጣታቸውን በጀርባው ላይ ያስኬዳሉ። ተ፣ ሰ፣ ማ። እንዴት ናችሁ የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ሲመጡ ጣታቸው ትንሽ ቆየ። «አባቴ እየሳሳ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ፀሐይ በየበዓሉ አንዴ በአመድ፣ አንዴ በጥርስ ሳሙና ስታሸው ፊደሉ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስቀሉን ማሸት በቤታችን ክልክል ሆነ።

እንግዲህ እማማ ጌጤ ቅዳሜ ሊመጡ፣ ረቡዕ ዕለት የመስቀሉ ማንጠልጠያ ተላቀቀ። ፀሐይ ሰጠችኝና «ማንጠልጠያውን ብቻ በይድ፤ ሌላ ምንም እንዳትነካ» አለችኝ። ይቺ እንዳትነካ የምትባል ቃል ለእኔ እንደ ግብዣ ናት። በየድኩት። ጥሩ አድርጌ ነው የበየድኩት። ከዚያ አየት ሳደርገው ወየብ ብሏል፤ ቡናማ ነገር ጣል ጣል አድርጎበታል። አማቴን ላስደስት አልኩ። ማሸት ክልክል ነው፤ እሺ አላሸውም። መዘፍዘፍ ግን ማን ከለከለ? ካላሸሁት አይሳሳም ብዬ በሻይ ብርጭቆ ዣቬል ሞላሁና መስቀሉን ጨመርኩበት። በብልሃቴ ተደስቼ ከምሳ በኋላ ጋደም አልኩ። በዚህ ሙቀት ከምሳ በኋላ ጋደም የማይል ሰው ከውጭ የመጣ ብቻ ነው።

ስነሳ መስቀሉ ጠቁሯል። ወየብ ብሏል አላልኩም፤ ጠቁሯል። የከባድ መኪና ጎማ አጠገቡ ቢቀመጥ ቀይ ዳማ ይባል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ዣቬሉ አንሶት ይሆናል አልኩና ጨመርኩለት። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት እኔን አይተው ነው። ለፀሐይ «ብየዳው ገና አልደረቀም» አልኳት። ብየዳ እንደማይደርቅ ሠላሳ ዓመት ከጠጋኝ ጋር የኖረች ሴት ሳታውቅ አትቀርም፤ አየት አደረገችኝና ገበያዋን ማሰብ ቀጠለች።

ሐሙስ ጠዋት መስቀሉን በመሐረብ ጠቅልዬ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ወዳለ ቀለምና ሳሙና የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ብር የሚያነጣ ነገር ካለ ልገዛ ነው። ባንኮኒው ላይ መነጽር ያደረጉ ማዳም ተቀምጠዋል። ፈረንሳይኛዬ የጣሪያ ላይ ፈረንሳይኛ ነው፤ ስለ ጋዝና ስለ ሞተር ከሆነ ይፈስሳል፣ ከዚያ ውጭ ይንጠባጠባል። ቢሆንም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማ፣ «ዠ ቩ ብላንሺር ሞን አርዣን» አልኩ። ብሬን ማንጣት እፈልጋለሁ ማለቴ ነው።

መቼም እኛ ብር ስንል ማዕድኑም ብር ነው፣ የኪስ ገንዘቡም ብር ነው። ፈረንሳዮችም እንደኛው ናቸው፤ አርዣን ሁለቱንም ነው። አርዣን ማንጣት ግን በእነሱ አፍ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፦ የሌባ ገንዘብ አጥቦ ንጹሕ ማስመሰል። ይህን ያወቅሁት ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ባለ ከረባት ሰውዬ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሲሸሹ ነው።

ማዳም መነጽራቸውን አወለቁ። «ምስዩ፣ ብሩ የርስዎ ነው?» አሉኝ።

«የእኔ እንኳን አይደለም፤ የአማቴ ነው።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከድሬዳዋ» አልኩ፣ በኩራት። «ቅዳሜ በባቡር ይመጣሉ። እሳቸው ሳይደርሱ መንጣት አለበት። አሁን ጥቁር ነው። በጣም ጥቁር። ሚስቴ አታውቅም።»

ከዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም። ዘበኛው ግን ከበሩ ተነስቶ መጣ። «ዋርያ፣ መሐረቡ ውስጥ ምንድን ነው?» አለኝ በሶማልኛ። ፈታሁት። የሱቁ ሰው በሙሉ አንገቱን አሰገገ፤ ባለ ከረባቱ ሰውዬ እንኳን ተመልሰው መጡ። ማዳም መስቀሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ «ምስዩ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ አንጥረኛ ጋ ይሂዱ» አሉኝ። ዘበኛው እስከ አደባባዩ ድረስ ሸኘኝ፤ አክብሮኝ ይሁን ተጠራጥሮኝ ለይቼ አላወቅሁም።

ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ሐጂ ዑመር የሚባሉ የሐረር ሰው አሉ፤ አባታቸውም አያታቸውም ብር ሠሪ ናቸው። ጫቱ ከደረሰ በኋላ በዚህ ከተማ ጉዳይ የሚያዳምጥ ጆሮ አይገኝምና እየሮጥኩ ደረስኩባቸው። ሐጂ መስቀሉን በመዳፋቸው መዘኑት፣ ጀርባውን ወደ ብርሃን አዘነበሉት፣ በጥፍራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይህን ካሸሁት አሁኑኑ ነጭ ይሆናል» አሉኝ። «ስሙ ግን አብሮ ይሄዳል።»

«ለምን ይሄዳል? የሚሄደው ጥቁሩ አይደለም እንዴ?»

«ጥቁሩ ምን መሰለህ? ጥቁሩም እኮ ብር ነው። ፊደሉ የፀጉር ውፍረት ነው የቀረው። ጥቁሩን ስፍቅ ፊደሉን ነው የምፍቀው። የሰው አባት ስም በእጄ አላጠፋም፤ ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ።»

መሐረቡን ጠቅልለው መለሱልኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ቀልድ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም ዓይነት አልነበረም። አንዲት አሮጊት በጣታቸው የሚያውቋቸውን አባት በሻይ ብርጭቆ አጥቤ ላጠፋቸው ነው።

ቤት ስገባ ልጄ ሜሮን ብቻ ነበረች። ሜሮን የሊሴ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማለቴ ነው፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሳይንስ ነው የምታጠናው። የምግብ ማቀዝቀዣው በር ላይ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ለጥፋ ዓመቱን ሙሉ ስታነበንብ ከርማለች። እኔ ከዚያ ሁሉ ፊደል የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር፤ ኤንና ኤ ተያይዘው የተጻፉትን። ና ይላል። ውሃ ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር ና ይለኛል፣ እሄዳለሁ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የያዝከው?» አለችኝ።

«መስቀል።»

«የማን?»

«የክርስቶስ።»

አልሳቀችም። ተቀብላኝ አሸተተችው። «ዣቬል ነው?»

«ትንሽ።»

«ስንት ትንሽ?»

«ብርጭቆ ሙሉ። ሁለት ጊዜ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ዣቬል ውስጥ ክሎር አለ። ብሩ ከክሎር ጋር ሊየዞን ፈጥሯል» አለች።

ሊየዞን በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ፊት አይነገርም፤ ባለትዳር ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሲታይ ነው ሊየዞን አለው የሚባለው። «በእናትሽ አንገት ላይ?» አልኳት። አሁን ሳቀች። ሊየዞን በኬሚስትሪ ትስስር ማለት ነው ብላ ወደ ማቀዝቀዣው ወሰደችኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፌን ከፍቼ ያዳመጥኩበት ቀን የለም።

«ይቺን ና የምትላትን ታያለህ? ሶዲየም ናት፤ ጨው ውስጥ ያለችው። ስሟ ና ነው እንጂ ጠባይዋ ሂድ ነው። ዳር ላይ አንድ ኤሌክትሮን አለቻት፤ እሷን ለማስወጣት ሰበብ ነው የምትፈልገው። ክሎር ደግሞ አንድ ጎድሎት የሚቅበዘበዝ ነው። ሲገናኙ እሷ ትሰጣለች፣ እሱ ይቀበላል፣ ከዚያ አይላቀቁም። ሶዲየም ብቻዋን ውሃ ሲነካት ትቀጣጠላለች። ክሎር ብቻውን ሳንባ ያቃጥላል። ሁለቱ ሲያያዙ እንቁላል ላይ የምትነሰንሰው ጨው ይሆናሉ።»

«ሁለት ገዳዮች ተጋብተው ጨው ወለዱ?»

«እንደሱ በለው።»

እኔ ይህን ጨው ሃምሳ ዓመት በልቼዋለሁ። ከአሳል ሐይቅ እየተጫነ ሲመጣ በጆንያ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን እንኳን አንተ ማነህ ብዬው አላውቅም።

«ኤሌክትሮኑ የት ነው ያለው?» አልኳት።

«ከመሃሉ በጣም ሩቅ። ብሩን ውሰድ። የብር አተም መሃል ያለው ፍሬ፣ ሜኔሊክ አደባባይ ላይ የቆመ አንድ የውሃ በርሜል ቢሆን፣ የዳሩ ኤሌክትሮን ከከተማው አሥራ ሁለት ኪሎሜትር ወጥቶ፣ ፔካ አሥራ ሁለት ከባድ መኪኖቹ የሚቆሙበት ጋ ነው የሚዞረው።»

«በመሃልስ?»

«ባዶ።»

«ገበያው? ኳርቲዬው ሁሉ? ቤታችን?»

«ባዶ ነው አባዬ። እኔና አንተም እንደዚያው ነን፤ የተሠራነው በአብዛኛው ከባዶ ነው።»

መስቀሉን አየሁት። ከብዶኛል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ስጥለው ቀጭ ይላል። ይህ ሁሉ ባዶ ነው አለችኝ። እግዚአብሔር ይህን ያህል ባዶ በምን አያይዞ እንዳቆመው ሳስብ ፀጉሬ ቆመ፤ ዣቬሌንም አማቴንም ለደቂቃ ረሳሁ። ሜሮን ግን አልረሳችም።

«አንጥረኛው ልክ ናቸው፤ ጥቁሩ ውስጥ ብሩ አለ» አለች። «ኤሌክትሮኑን አጥቶ ታስሯል እንጂ አልሄደም። ኤሌክትሮን የሚመልስለት ካገኘ ወደ ብርነቱ ይመለሳል። መፋቅ አያስፈልግም።»

«ማን ይመልስለታል?»

«አባዬ፣ የክሊማው ቀጫጭን አሉሚኒየም ለምን ይበላል?»

ይህን እንኳን ለእኔ ተዉት። «የባሕሩ ጨው ነዋ። የመዳቡን ቱቦ ምንም ሳይለው አሉሚኒየሙን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ሠላሳ ዓመት የሰደብኩት እሱን ነው።»

«ጨዉ መንገድ ነው የሆነው። አሉሚኒየም የሚሰጠው ሦስት ኤሌክትሮን አለው፤ ለመስጠትም አይሰስትም። ጨውና እርጥበት መንገድ ሲከፍቱለት ከመዳቡ በፊት እሱ ይሰጣል። እሱ እየተበላ መዳቡ ይተርፋል።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኳት። ሜሮን ከመሳቢያው ዶሮ የምንጠቀልልበትን የአሉሚኒየም ወረቀት አወጣች። «ይህኛው ወረቀት ይለቃል» አለችኝ።

ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ወረቀቱን አነጠፈች። ጨው በማንኪያ፣ ቢካርቦናት የሚሉትን የመጋገሪያ ሶዳ በማንኪያ ጨመረች። እኔ ውሃ አፈላሁ፤ ከዚያ በላይ አልታመንኩም። «መጽሐፍ ላይ ነው ያየሁት፤ ሠርቼው አላውቅም» አለችና አማተበች። መስቀሉን ወረቀቱ ላይ፣ በጀርባው፣ እየነካው አስተኛችው። የፈላውን ውሃ ስናፈስበት አረፋ ተነሳ። የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ አፍንጫችንን መታው። አሮጌው ወየብ ያለው ነገር ድኝ ነበርና የሚወጣው እሱ ነው አለችኝ።

ፀሐይ ዘንቢሏን ይዛ የገባችው ያኔ ነው። ሽታውን አሸተተች፣ ሳህኑን አየች፣ ሳህኑ ውስጥ ያለውን አየች። ዘንቢሉን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«አልደረቀም ያልከኝ ብየዳ ይሄ ነው?» አለች።

መልስ የሰጣት ሳህኑ ነው። ዓይናችን እያየ ጥቁሩ ከዳር ጀመረ። አልተላጠም፣ አልወደቀም፣ ውሃው ላይ አልተንሳፈፈም። ዝም ብሎ ብር ሆነ። ክንዱ ነጣ፣ መሃሉ ነጣ፣ እግሩ ነጣ። ከሥሩ ያለው ወረቀት ደግሞ ፈዘዘ፤ አንዳንድ ቦታ ጠቆረ። አንዱ ለአንዱ ሲሰጥ ቁጭ ብለን አየን። ፀሐይ ልትሰድበኝ የከፈተችውን አፍ ሳትዘጋው ቀረች።

ሜሮን በማንኪያ አወጣችው፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀችው፣ ሳታሽ በጥጥ አደረቀችው። ከዚያ ገለበጠችው።

ጀርባው ነጭ ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ወደ መስኮቱ ወሰድነው፣ አዘነበልነው፣ በስልክ መብራት አየነው። ፊደሉን ቀድሞ ለዓይን ያሳየው ጭረቱ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁር ነበር፤ አሁን እሱም ነጥቷል። ሜሮን ስልኩን አስቀመጠች። «ብሩ መመለሱን አውቃለሁ» አለች፤ «ፊደሉ መትረፉን ግን ማረጋገጥ አልችልም።» ልዳስሰው ጣቴን ስዘረጋ ፀሐይ እጄን መታችኝ። እውነቷን ነው፤ የእኔ ጣት ሽቦ እንጂ ፊደል አያውቅም።

«ቅዳሜ ለእማዬ አንተው ራስህ ትነግራታለህ» አለችኝ። ክር አስገባችበትና አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

ዓርብ ሥራ የለም። ከቤት ብቀመጥ ዓይኗ አያስቀምጠኝም ብዬ ወደ ጣሪያችን ወጣሁና የገዛ ቤቴን ክሊማ ከፈትኩ። የተበላው አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ሆኖ እንደ ወትሮው አለ፤ ቱቦው ደህና ነው። ሠላሳ ዓመት እርኩስ ቆርቆሮ ስለው የኖርኩት ሲሰጥ ነው የኖረው። በጣቴ ነካ አደረግኩት። ከተማው ከሥሬ አለ፤ ወደቡ፣ መስጊዱ፣ መኪናው፣ ሰው ሁሉ። ሁሉም ባዶ፣ ሁሉም ተያይዞ ቆሟል። አፌን ከፍቼ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በጠራራ ፀሐይ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ለአሉሚኒየም ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ ጎረቤት ካለ ደግነቱ እስካሁን አላወራብኝም።

ቅዳሜ እማማ ጌጤ መጡ። ከናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ በመኪና ሳመጣቸው ኑዛዜዬን በልቤ ሃያ ጊዜ አጠናሁት። በሩ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ወጣች፣ ሜሮን ከኋላዋ ቆመች። ልጀምር አልኩ።

«እማማ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ። ዣቬል...»

አልሰሙኝም። ፀሐይን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው መስቀሉን ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ጣታቸው ትንሽ ሄደችና ቆመች። ተመለሰች። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳች፤ በጣም ቀስ ብላ። ሜሮን የአንገት ልብሷን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። እኔ የእማማ ጌጤን ሻንጣ እንደተሸከምኩ ቀርቻለሁ፤ ማስቀመጥ ትዝ አላለኝም።

ፀሐይ አላስቻላትም። «እማዬ» አለች፤ «ተሰማሽ?»

እማማ ጌጤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጣታቸው ሦስተኛው ፊደል ላይ ቆማለች።

«ተሰማ» አሉ።

ለልጃቸው መልስ መስጠታቸው ይሁን አባታቸውን መጥራታቸው፣ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ቀና አሉና «እንዴት ናችሁ?» አሉን።